የጀንበሬ ገጽ

«መጣ! ትርሲትዬ፣ ያየው ሰው መጣ!» እትዬ ዙፋን ይህን ያሉት ገና ጫማቸውን ሳያወልቁ ነው። ግቢውን የሚጋሩት ሴቶች ሁሉ እንዲሰሙላቸው ድምፃቸውን ከፍ አድርገዋል። የቤቱ ባለቤት ፋኢዛ እንኳ ልብስ ከምታጥብበት ሳፋ ቀና ብላ፣ አማርኛው ባይገባትም ደስታው ገብቷት፣ «ማሻላህ!» አለች። ትርሲት ግን ከአልጋዋ ጫፍ አልተነሣችም። አክስቷ እየደጋገሙ እንደነገሯት ከሆነ፣ ልጃቸውን ጀንበሬን የመን ውስጥ የሚያውቅ አንድ ወጣት፣ ትርሲት በኢንተርኔት ያወጣችውን ማስታወቂያ አይቶ ትናንት እሳቸው ከሚሠሩበት ራስ ዲካ ድረስ መጥቷል። ዛሬ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ደግሞ እዚሁ የጅቡቲው ካርቲዬ ካትር ሰፈር መጥቶ ሁሉንም ሊያጫውታቸው ቀጠሮ ይዟል። ደስ የሚል ወሬ ነበር። ችግሩ ያንን ማስታወቂያ ማንም ሊያየው አለመቻሉ ነው። በዓለም ላይ ገጹን ያዩት ሰዎች ሁለት ብቻ ናቸው፤ ሁለቱም አሁን በዚህች ክፍል ውስጥ ፊት ለፊት ተያይተዋል።

እትዬ ዙፋን ራስ ዲካ አንድ የፈረንሳዮች ቤት ውስጥ እያደሩ የሚሠሩ ሴት ናቸው። ዓርብ ዓርብ ይፈቀድላቸዋል። ዓርብ ሲሆን ገላቸውን ታጥበው፣ የክት ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ ዘመድ ጥየቃ እንደሚሄድ ሰው ተዘገጃጅተው ወደ እህታቸው ልጅ ክፍል ይመጣሉ። ክፍሏ ጣውላና ቆርቆሮ ናት። አንድ አልጋ፣ አንድ የሚንቋቋ የአየር ማራገቢያ ቫንቲላተር፣ ከመስኮቱ ሥር ደግሞ ትርሲት ከምትሠራበት ኢንተርኔት ቤት ያገኘችው አሮጌ ኮምፒውተር አለ። እትዬ ዙፋን ከአልጋው ጫፍ ተቀምጠው፣ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣጥፈው፣ «እስቲ ልጄን ክፈቺልኝ» ይላሉ። ትርሲት ትከፍታለች። ጀንበሬ በቢጫ ሸሚዙ፣ ፎቶ ቤት የተነሣው ፎቶ ላይ እንዳለ፣ ሊስቅ ሲል ተይዞ ብቅ ይላል። ከሥሩ ስሙ በአማርኛም በላቲን ፊደልም ተጽፏል፤ ከስሙ ሥር ደግሞ ገጹን ስንት ሰው እንዳየው የሚቆጥር ቁጥር አለ። አክስቷ ማንበብ ባይሆንላቸውም ቁጥር ያውቃሉ። ከዓርብ ዓርብ ሲጨምር እያዩ «ስንት ደግ ሰው አለ መሰለሽ በዚህ ዓለም» ይላሉ። ደጉ ሰው ትርሲት ራሷ ነበረች። አንድ ነገር በነካካች ቁጥር ገጹን ከፍታ ታየዋለች፤ ማሽኑም ምንም ሳያፍር ይቆጥራል።

ነገሩ የተጀመረው ጀንበሬ ሲሄድ ነው። ከሚሌኒየሙ በዓል ማግስት ከወሎ መጥቶ እዚህችው ክፍል ወለል ላይ ጥቂት ቀን አደረና፣ እናቱ እያለቀሱ፣ እሱ እየቀለደ፣ ወደ ኦቦክ ወደብ ሄዶ በጀልባ ወደ የመን ተሻገረ። በሚሄድበት ዕለት ትርሲት፣ ያኔ አዲስ ሙያዋ ልቧን ነፍቶት ነበርና፣ «ብትጠፋ እንኳ አትስጋ» አለችው። «ያገኘኸው ኢንተርኔት ቤት ግባና ስምህን ጻፍ። እኔ እዚያ እጽፍልሃለሁ። እናትህ ምን እንደሆነች፣ በየት በኩል እንደምትደውልልን፣ ሁሉን ታገኘዋለህ።» ጀንበሬም ሳቀባትና «ቃል?» አላት። «ቃል» አለች። ከኤደን አንድ ጊዜ ደወለ። ከዚያ ወዲያ ድምፁ ጠፋ፤ ስልኩን ቁጥሮቹ ሁሉ እንዳሉበት ዘርፈውት ይሁን ወይ ከዚያ የባሰ ነገር ደርሶበት፣ የሚያውቅ አልነበረም።

ትርሲትም ቃሏን ለመጠበቅ ቁጭ ብላ ሠርታለች፤ በዚህ አትታማም። የኢንተርኔት ቤቱ ባለቤት ዓብዱልጀሊል ከፈረንሳይ ያስመጣው ሲዲ ነበረው። ከሲዲው ውስጥ አንድን ተራ ኮምፒውተር ወደ ሰርቨር የሚለውጡትን ፕሮግራሞች አውጥታ ጫነች፦ ገጹን ለጠያቂ የሚያቀርበውን አፓቼን፣ ገጹ እንዲያስብና እንዲለዋወጥ የሚያደርገውን ፒኤችፒን፣ ስምና መልእክት የሚያስቀምጠውን የመረጃ ቋት። መጀመሪያ አልነሣ አላት። ብዙ ለፍታ ስታበቃ ለካ ስካይፕ ቀድሞ ገብቶ አፓቼ የሚያዳምጥበትን በር ይዞበት ኖሯል። ስካይፕን ዘጋችው። ማያው ላይ የነበረው ቀይ ምልክት አረንጓዴ ሆነ። በዚያች ሙቀት ብቻዋን ዘለለች። በማግስቱ ዓርብ ነበርና አክስቷ መጡ፤ የልጃቸውን ፊት ማያው ላይ ሲያዩ ወለሉ ላይ ተቀመጡ፤ ከዚያ ተነሥተው ግንባሯን፣ እጇን፣ አንገቷን ሳሟት። «አሁን ዓለም ሁሉ አየው ማለት ነው?» አሏት። ሰርቨሩ ገና ከራሱ ጋር ብቻ እንደሚያወራ፣ ከዚያ ሳጥን ውጭ ለአንድም ሰው እንደማይታይ ልትነግራቸው አፏን ከፍታ ነበር። ግን ደስታቸውን በምን አንጀቷ ታጥፋ! በሚቀጥለው ሳምንት አወጣዋለሁ፣ ለአንድ ሳምንት ምን ያጣላል አለችና ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች።

ሳምንቱ ወር ሆነ። መጀመሪያ እውነተኛ ምክንያት ነበራት፤ ፒኤችፒ የሚያሠራ ቦታ ውጭ አገር ለመከራየት የባንክ ካርድ ያስፈልጋል፣ ካርድ ያለው ሰው ደግሞ አታውቅም። ኋላ ዓብዱልጀሊል «ማርሴይ ያለው ወንድሜ ይከፍልልሻል፣ ብቻ ሲያልቅ ንገሪኝ» አላት። ይኼኔ ነው ሌላ ነገር የያዛት። ገጹ አላለቀማ! ለምን የጀንበሬ ብቻ ይሆናል፣ የጠፋበት ሰው ሁሉ ስም የሚያስገባበት ይሁን አለች። መፈለጊያ ጨመረች። መልስ መጻፊያ ጨመረች። በፈረንሳይኛ ደገመችው። ቀለሙ አላምር አላትና ለወጠችው፤ አሁንም ለወጠችው። ዶራሌ መንገድ ላይ ያለ አንድ የትራንዚት ድርጅት የኮምፒውተር ሰው እንደሚፈልግ ሰምታ፣ ይህን ሥራ ይዛ ልትቀርብ አስባ ነበርና እንከን እንዲኖረው አልፈለገችም። ፎቶና ስልክ ቁጥር ብቻ የያዘ ደረቅ ገጽማ በነፃ የሚሰጡ ቦታዎች ላይ ማንም ያወጣል። ንቃው ነበር። የእድር ማስታወቂያ መሰላት። «ዳይናሚክ»፣ ተለዋዋጭ ማለት ነው፣ የምትለዋን ቃል እንደ ጌጥ ወደደቻት፤ የጠፋ ሰው በውበት እንደማይገኝ ልቧ እያወቀ ቀን አለፈ።

እና ዛሬ «ያየው ሰው» ሊመጣ ነው። እትዬ ዙፋን እንግዳቸውን ባዶ አፉን እንዳይሰዱት ከማዕከላዊ ገበያ ዓሣና ሩዝ ገዝተው መጥተዋል፤ ሽንኩርቱን እየላጡ ቲማቲም ከድሬዳዋ ሲመጣ መንገድ ላይ ወርቅ እየሆነ ነው ወይ እያሉ ያማርራሉ፤ እመቤታቸው ክሊማቲዘሩን፣ ያንን የአየር ማቀዝቀዣ፣ ለውሻው ከፍታለት መውጣቷን እየሳቁ ያወራሉ። ሙቀቱ ከቆርቆሮው እየወረደ ነው። ትርሲት ቢላዋውን ተቀብላ አብራቸው ተቀመጠች። አሁን ልንገራቸው አለች። «እትዬ» አለች። «ወዬ» አሉ፣ ቀና ብለው፤ ፊታቸው ላይ ያለውን ተስፋ አየች። «ዘይት የለም መሰለኝ» አለች። «አለ፣ ከአልጋው ሥር ነው» አሉና ወደ ወሬያቸው ተመለሱ። የሰው እንጀራ በሚበሉበት ቤት ቀኑን ሙሉ «ዊ ማዳም» ሲሉ የሚውሉ ሴት፣ እንደ ልባቸው የሚያወሩት እዚህ ብቻ ነበር።

ያኔ አንድ ሐሳብ መጣላት፤ ኋላ ስታስበው የፈሪ ሐሳብ ነበር። ሰውየው ሳይመጣ ገጹን ብታወጣውስ? ውሸቱን እውነት ብታደርገውስ? ለኢንተርኔት ቤቱ ጉዳይ ደርሼ ልምጣ ብላ ፎቶውን በፍላሽ ይዛ ወጣች። መንገዱ ባዶ ነው። ጫቱ ገና አልደረሰም፤ የጫት ሻጮቹ ሴቶች ባዶ ጠረጴዛቸው ላይ እርጥብ ጆንያ ዘርግተው ጥላ ጥላውን ይዘዋል። ነፋሱ አሸዋ ይዞ ዓይኗን ይለበልባታል። ዓብዱልጀሊል ለሶላት ሊወጣ ቆቡን ደፍቶ ቁልፍ በእጁ ይዞ አገኘችው። የድሬዳዋ ልጅ ነው፤ አማርኛው ከሷ የበለጠ ይቀልዳል።

«ዛሬም ሥራ? ዓርብን እንኳ ለፈጣሪ ተይለት እንጂ!»

«ትንሽ ነገር ነው። የጀንበሬን ገጽ ላወጣው ነው።»

ቁልፉን ሊያቀብላት የዘረጋው እጅ አየር ላይ ቆመ። «አልወጣም እንዴ? ከረመዳን በፊት አወጣዋለሁ አላልሽኝም?» አላት። «ወንድሜ እኮ በደወለ ቁጥር ይጠይቀኛል፤ ያቺ ልጅ ተወችው ወይ ይለኛል» አለና፣ ፊቷን አይቶ ቁልፉን ሰጣት፤ ሲወጣም በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋው።

ገጽ በነፃ የሚሰጠው የኢንተርኔት ቦታ ስም ጠየቃት፣ ሞላች። የይለፍ ቃል ጠየቃት፣ ሞላች። ያንን ሁሉ መፈለጊያና መልስ መስጫ፣ ያንን ሁሉ ቀለም ትታ ፎቶውን፣ ስሙን በሁለቱም ፊደል፣ የራሷን ስልክ ቁጥር፣ ከዚያም «እናትህ ዙፋን ደህና ናት፣ ራስ ዲካ ነው ያለችው፣ ደውልልን» የሚል አንድ ዐረፍተ ነገር ጻፈች። ተጫነ። ተነሥታ ወደ ሌላኛው ኮምፒውተር ሄደችና አድራሻውን አስገባች። መስመሩ እንደ ልማዱ ተጎተተ፤ በመጨረሻ ጀንበሬ ከላይ ወደ ታች፣ መጀመሪያ ፀጉሩ፣ ቀጥሎ ዓይኑ፣ ቀጥሎ ቢጫ ሸሚዙ እየሆነ ወጣ። በቃ። ይኸው ነበር። ምሳ እስኪበስል የሚያልቅ ሥራ። ትርሲት ባዶው ቤት ውስጥ ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ አለቀሰች። ከባድ ቢሆንባት ኖሮ ይሻላት ነበር፤ ያንገበገባት ቅለቱ ነው።

ስትመለስ ጫቱ ገብቶ ከተማው በመኪና ጡሩምባ ይናጣል። ከበሩ አጠገብ የማታውቀው የላስቲክ ጫማ አለ። እንግዳው አልጋው ላይ ተቀምጧል፤ ከሲታ፣ ከንፈሩ በፀሐይ የተሰነጠቀ፣ ዕድሜው ከጀንበሬ የማይርቅ ልጅ ነው። ከይረዲን ይባላል፣ የባቲ ልጅ። ከየመን በጀልባ የተመለሰው በቅርቡ ነው። ሩዝና ዓሣው ፊቱ ቀርቧል፤ አልነካውም። እትዬ ዙፋን ፊት ለፊቱ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ብላ እንጂ ብላ እንጂ ይሉታል፤ እሱ ደግሞ ሌላውን ሁሉ ትቶ እሳቸውን ብቻ ያያል። «ይቺ ናት» አሉት ትርሲት ስትገባ። «ማስታወቂያውን ያወጣችው ይቺ ናት።» ልጁ ብድግ ብሎ በሁለት እጁ ጨበጣትና ቶሎ አቀረቀረ።

«እማማ፣ ትናንትም ልነግርዎ ፈልጌ አፌ እምቢ አለኝ» አለ። «እኔ ማስታወቂያ አላየሁም። ራስ ዲካን ጀንበሬ ነግሮኝ ነበርና ከዘበኛ ዘበኛ እየጠየቅሁ ነው የደረስኩት። የመጣሁትም እርስዎን ፍለጋ አይደለም።»

«ታዲያ ማንን ፍለጋ ነው?»

«መቃብርዎን።»

ከግቢው የፋኢዛ ሳፋ ይሰማል። ከይረዲን እጁን እያሻሸ ተረከው። ኤደን ላይ አንድ ዓሣ ቤት አብረው ዕቃ ያጥቡ ነበር። ጀንበሬ እጁ ላይ ሳንቲም በገባ ቁጥር ኢንተርኔት ቤት ገብቶ ስሙን በላቲን ፊደል ያስጽፋል። ምንም። ፊደሉን ለዋውጦ ያስጽፋል። ምንም። ጓደኞቹ ሲያላግጡበት፣ የአክስቴ ልጅ ትርሲት በኮምፒውተር የተማረች ናት፣ ቃሏን አታጥፍም እያለ ይቆጣቸው ነበር። ወራት አለፉ። አንድ ቀን ከዚያ ቤት ወጥቶ ደረጃው ላይ ተቀመጠና፣ «ገባኝ» አለ። «ትርሲት ዝም ያለችው እናቴ ሞታብኝ ነው። በሰው አገር ብቻውን መርዶ አይሰማ ብላ ነው የደበቀችኝ።» አይደለም ብለው ሊያጽናኑት ሞከሩ፤ ግን ማን ያምናል? ለስደተኛ መርዶ የማይደብቅ ወገን የት አለ? ዝምታ ሲበዛ ሞት ማለት እንደሆነ ሁሉም ያውቁታል። ጀንበሬ ፀጉሩን ተላጨ። ምንጣፍ አንጥፎ ተቀመጠ። ሥርዓቱን ጨረሰ። ከዚያ በፊት ከከይረዲን ጋር በአንድ ጀልባ ወደ ጅቡቲ ሊመለስ ተስማምቶ ነበር፤ ከሐዘኑ በኋላ ግን «ለማን ብዬ እመለሳለሁ?» አለና፣ ወደ ሳውዲ ድንበር ከሚሄዱት ጋር ወደ ሰሜን ሄደ። ከይረዲንን የለመነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጅቡቲ ከደረስህ መቃብሯን እይልኝ። ከዚያ ወዲህ ስለሱ የሰማ የለም።

እትዬ ዙፋን መጀመሪያ ሳቁ። እውነትም የሚያስቅ ነገር የሰሙ ነው የመሰላቸው። «እኔ? ሞቼ?» አሉ። «አንተ ልጅ፣ ማስታወቂያው አለ እኮ! እዚሁ ተቀምጬ ዓርብ ዓርብ አየዋለሁ እኮ! ስንት ሰው አይቶታል! እንዴት ብሎ ያጣዋል? ትርሲትዬ፣ ክፈቺና አሳይው እስቲ።»

«የዚያ አገር መስመር ደካማ ነው፣ እማማ» አለ ከይረዲን። «ምናልባት እሱ ይሆናል።» ሰበቡን ራሱ ፈልጎ አቀረበላት፤ ደግ ልጅ ነው። ትርሲት እጇን ብትዘረጋ ትይዘው ነበር። የመን ላይ ብታሳብብ ማን ይሟገታታል? ዛሬ የወጣውን ገጽ ከፍታ ይኸው ብትል ማን ያውቅባታል? ለቅጽበት ያህል ልቧ ወደዚያ ሄደ፤ ይህን እሷም አልካደችውም። ግን ጀንበሬ ደረጃው ላይ ሆኖ «ቃሏን አታጥፍም» ሲል ታያት።

«እትዬ፣ አልወጣም ነበር» አለች። «ከዚህ ክፍል ወጥቶ አያውቅም። ዛሬ ነው ያወጣሁት፤ አሁን፣ እርስዎ ዓሣውን ሲጠብሱ።»

«ያ ስናየው የነበረውስ?»

«እኔና እርስዎ ብቻ ነን የምናየው። ሌላ ያየው የለም።»

እትዬ ዙፋን ኮምፒውተሩን አዩት። ጠፍቶ ነበር፤ ጥቁር ማያው ላይ አንዳች ነገር የሚፈልጉ ይመስል ረጅም ጊዜ አዩት። ትርሲት ቢጮሁባት፣ ቢሰድቧት፣ ቢመቷት ተመኘች። ይቅርታ ልትልም ፈለገች፤ ግን ቃሉ ለዚህ ነገር አነሰባት። ከቀትር በፊት ያወጣችው ገጽ አሁን፣ በዚህች ደቂቃ፣ ከኤደንም ከሳውዲም ይታያል። ማን ከፍቶ ያየዋል? እናቱን ቀብሮ ሐዘኑን የጨረሰ ሰው ከእንግዲህ ወዲያ ምን ብሎ ስሙን ይፈልጋል?

አክስቷ ፊታቸውን ወደ ከይረዲን መለሱ። ድምፃቸው ዝግ ያለ፣ ቤት የመጣ ለቀስተኛ የሚያነጋግሩበት ድምፅ ነበር።

«ብቻውን ነው ያለቀሰልኝ?»

«አይ፣ እማማ። ሁላችንም አብረነው ተቀመጥን። ጉዲና የሚባል የአርሲ ልጅ ነበር፣ እሱ እንደ ታላቅ ወንድም ሆኖ ያዘው። ባሺርም ነበር። እኔም አልቅሼልዎታለሁ።»

«እህል ቀምሷል?»

«የዓሣ ቤቱ ባለቤት ሩዝ ሰጠን። አጎረስነው።»

እትዬ ዙፋን ራሳቸውን ነቀነቁ። «እግዜር ይስጥልኝ፣ ልጆቼ» አሉ። «ደክማችሁልኛል።» ከዚያ የቀዘቀዘውን ሳህን ከፊቱ አንሥተው መልሰው በእሳቱ አሞቁለት፤ የዓሣውን እሾህ እየለቀሙ አቀረቡለትና እስኪበላ ጠበቁ። ለትርሲትም አወጡላት። ሳህኑን ሲያቀብሏት ግን ፊቷን አላዩም።